በግዴታ የተገባ መሐላ

ተገዶ የማለ ሰው በመሐላው ይታሰራል? ሮማዊው ሲሴሮ ለባሕር ወንበዴ የተገባ ቃል ባይፈጸም ነውር የለበትም ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ግን እ.ኤ.አ. በ1651 በታተመው «ሌቫያታን» በተባለው መጽሐፉ፣ ሰው ለነፍሱ ፈርቶ የገባው ውል ሕግ እስካላፈረሰው ድረስ እንደሚያስር ጽፏል። ሁለቱንም መልሶች ከሚፈትኑ ሕይወቶች አንዱ የጀርመናዊው ባላባት የጎትስ ፎን በርሊሺንገን ነው።

ጎትስ የተወለደው በ1480 ገደማ ነው። በ1504 በላንድስሁት ከበባ የመድፍ ተኩስ ቀኝ እጁን አሳጣው። ጣቶቹ የሚታጠፉ የብረት እጅ አሠርቶ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖረ። በዘመኑ አንድ ባላባት ተበደልሁ ካለ፣ ለበዳዩ አስታውቆ በገዛ ኃይሉ መብቱን ማስከበር የቆየ ልማድ ነበር። በ1495 የቮርምስ ጉባኤ ይህን የግል ጦርነት ፈጽሞ ከለከለ። ጎትስ ግን አልተወውም፤ በ1512 ከላይፕሲግ ገበያ የሚመለሱ የኑርንበርግ ነጋዴዎችን ዘርፎ 14,000 ጉልደን እንዲከፍል ተፈረደበት።

ፍርድ ቤት ቢኖርም ፍርዱን የሚያስፈጽም ክንድ ደካማ በሆነበት አገር፣ ሰላም ያደረው በመሐላ ላይ ነበር። በ1519 ጎትስ የደቡብ ጀርመን ከተሞችና መሳፍንት ኅብረት በሆነው በሽዋቤን ማኅበር ጦር ተማርኮ እስከ 1522 ሃይልብሮን ውስጥ ታሰረ። የተለቀቀው 2,000 ጉልደን ቤዛ ከፍሎ፣ በማራኪዎቹ ላይ እንደማይበቀል ምሎ ነው። የእስረኛ መሐላ ሁሉ በግዴታ ነውና ከንቱ ነው ቢባል፣ ምርኮኛውን ማን ይለቅቀዋል? የሆብስ መልስ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ የተገደደ ቃል እንዲጸና ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የተገደደውን ሰው ነው።

በ1525 ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ሲነሡ የኦደንቫልድ ዐማፅያን ጎትስን አዛዣችን ሁን አሉት። እሱ ተገድጄ ነው ይላል። የተስማማው ለአራት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅ ተለያቸው። ገበሬዎቹም በሰኔ መጀመሪያ ኮኒግስሆፈን ላይ ያለ እሱ ተዋግተው ተጨፈጨፉ። በ1526 ፍርድ ቤት ጎትስን ነጻ አለው። ማኅበሩ ግን ቂሙን አልረሳም፤ በ1528 አውግስቡርግ ላይ ይዞ አሰረውና በ1530 ሌላ መሐላ አስምሎ ለቀቀው። ከሆርንበርግ ርስቱ ወሰን ሊወጣ፣ ፈረስ ሊቀመጥ፣ ከግንቡ ውጭ ሊያድር አይችልም ነበር። በፈረስና በጦር ያደገው ሰው ይህን ቀንበር፣ ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ በ1540 እስኪያነሣለት ድረስ ተሸከመው።

ለገበሬዎቹ የገባውን ቃልና የሆርንበርጉን መሐላ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ግዴታ ነበር ብሎ መከላከያ አደረገው፤ ሁለተኛው ከእስር ቤት የወጣ ቢሆንም ጠበቀው። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው ነው። ግዴታ የሚያቀለው ወደ ውሉ የገባውን ሰው ጥፋት ነው፤ ቃሉ ይሻር ወይስ ይጽና የሚለው ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ መለኪያው የቃሉ ሸክም የሚያርፍበት ትከሻ ነው። የሆርንበርጉ መሐላ ከጎትስ የወሰደው የራሱን ፈረስ፣ የራሱን መንገድ፣ የራሱን በቀል ነው፤ የራሱን ደግሞ ተገዶም ቢሆን ሊያስይዝ ይችላል። አዛዥነት ግን የሌሎች ሕይወት ያለበት ቃል ነው።

ስለዚህ ጎትስ ለገበሬዎቹ የገባውን ቃል እስከ ቀኑ ጠብቋል መባሉ ከወቀሳ አያድነውም። ሰዎች በአንድ አዛዥ ታምነው ከተሰለፉ በኋላ፣ ከእነሱ ጋር የሚያስረው የአራት ሳምንቱ ውል ብቻ አይደለም። ጎትስ በ1562 በሆርንበርግ ሲሞት ዕድሜው 80 ገደማ ነበር፤ የሕይወቱንም ታሪክ በገዛ አንደበቱ ተርኮ አልፏል። ለፍርድ ቤት የቀረበው የግዴታ መከላከያ አሳማኝ ቢሆን እንኳ፣ ለኮኒግስሆፈን ሙታን የሚበቃ መልስ አይደለም።