ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አትተኙ

ልጆቼ፣ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። እኛ ምሳሌውን ከአያቶቻችን አፍ ነበር የምንሰማው፤ ዛሬ የአርሲዋ ሳጉሬ ሰው ማታ ብርዱን ሸሽቶ በሩን ሲዘጋ ከቴሌቪዥን ይቀበለዋል። እኩዮቼ ይህን አይወዱም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር ትዳር ሊፈርስ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን አልነቅፍም፤ አያያዙን ብቻ ልንገራችሁ።

ጃርሱማ፣ ማለትም ሽምግልና፣ ተቀምጬ ባልና ሚስት ሳስታርቅ የማየው ጠብ አብዛኛው ሳይነገር የቆየ ነገር ነው። እሱ ገብሱን ሸጦ ገንዘቡን ምን እንዳደረገው አልተናገረም፤ እሷ እናቷ የታመሙ ጊዜ ብቻዋን በመመላለሷ ያዘነችውን በሆዷ ይዛዋለች። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በትዳር ግን ዝምታም ይነቅዛል። ፊት ለፊት «አንተ እንዲህ በደልከኝ» ማለት ደግሞ እሳት ይጭራል። ፊልም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ያ ሰውዬ ሚስቱን ሳያማክር መሄዱ ደግ አደረገ ትላለህ?» ብላ ብትጠይቀው፣ ስለ ሰውዬው እየመለሰ ስለ ራሱ ይናገራል። ማንም አልተከሰሰም።

የሽማግሌ ወሬ ነው እንዳትሉኝ፣ የተማሩትም ፈትነውታል። የአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 174 ጥንዶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናት አውጥተዋል። በአንድ ወር ውስጥ ስለ ትዳር የሚያወሱ 5 ፊልሞች አይተው ከየፊልሙ በኋላ ከተወያዩት ውስጥ በሦስት ዓመት ጊዜ የተለያዩት 11 በመቶ ሲሆኑ፣ ምንም ካልተደረገላቸው ውስጥ ግን 24 በመቶ ተለያይተዋል። ልብ በሉ፤ አይተው የተኙ አልተባለም፣ አይተው የተነጋገሩ ነው።

ምርጫችሁም መሳሳም የበዛበት ብቻ አይሁን። በ2006 ዓ.ም. የወጣውን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» አብራችሁ እዩት። መነሻው እዚሁ አርሲ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ የደረሰ ነገር ነው፤ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ጠላፊዋን ገደለች፣ ፍርድ ቤትም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ ነፃ አወጣት። ይሄ ምኑ የፍቅር ፊልም ነው ትሉኝ ይሆናል። ወዳ ያልገባች ሴት ቤት ውስጥ ግን ምን ፍቅር አለ? ሲያልቅ ስለ ሲንቄ አውሩ። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ያቺ ቀጭን በትር ጌጥ አይደለችም። ሚስቱን የደበደበ ባል ደጅ ላይ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ሲሰለፉ ሽማግሌ ሁሉ ተነሥቶ ይለምናል፤ በዳዩም ይክሳል። ሚስትህን ያንቺ ሲንቄ የት ነው ያለችው ብለህ ጠይቃት።

ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ቤት ደግሞ የቴዎድሮስ ተሾመን «ሦስት ማዕዘን» ይሞክር፤ በስደት ጎዳና ስለሚሆን ፍቅርና ሰቆቃ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ተዋናዩን ከባልሽ፣ ተዋናይቷን ከሚስትህ ጋር ማወዳደር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። የዚያ ሰው ቃል ተጽፎለታል፣ መብራት በርቶለታል፣ ሲሳሳት ይደገምለታል። ያንቺው ከስንዴ ማሳ ቦቲው እስከ አፉ ጭቃ ሆኖ ነው የሚገባው።

ደግሞ እሷ የምትወደውን ፊልም አንተ ባትወደውም ስልክህን አስቀምጠህ እስከ መጨረሻው እይ። አንተ ጦርነትና ሩጫ ትወድ ይሆናል፣ እሷም ተራዋን ታያለች። የት ላይ እንደሳቀች፣ የት ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እንደሳበች አስተውል፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ዓመት ቆይታችሁ ያንኑ ፊልም ድገሙት። በእጮኝነት ዘመን ያሳቃችሁ ቦታ ልጅ ከወለዳችሁ በኋላ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ ይህን ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንም አያውቀውም።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጩኮውን አቅርቡና አንዱን ፊልም ምረጡ። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ባል ይሁን።