በቤታችን አንጻር ያለው ቅጥር



መጽሐፈ ነህምያን ስናነብ ሦስተኛውን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። የስም ዝርዝር ብቻ ይመስለናልና። ቀስ ብለን ብንመለከተው ግን የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር መልሰው ያቆሙት ግንበኞች ብቻ እንዳልነበሩ እንረዳለን። ሊቀ ካህናቱ ከወንድሞቹ ጋር የበጎችን በር ሠርቷል፤ ወርቅ አንጥረኛውና ሽቱ ቀማሚው አብረው ደክመዋል፤ አንድ አባት ከሴቶች ልጆቹ ጋር ለሥራው ተነሥቷል። ስለ ብዙዎቹም እያንዳንዳቸው በቤታቸው አንጻር ያለውን እንደ ሠሩ ተጽፏል፤ አንዱማ በጓዳው ፊት ለፊት ያለውን አደሰ። ከቴቁሐ ሰዎች መካከል ግን ታላላቆቹ ትከሻቸውን ለሥራው አልሰጡም፤ ይህም ተጽፎ ቀርቷል።

ለእኛስ በቤታችን አንጻር ያለው ቅጥር የትኛው ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ ቀበሌ ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ መጽሔት እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ብዙዎቻችን ቀበሌን የምናውቀው በፍርሃት ነው። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጡ የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ነዋሪው የሰፈሩን ጉዳይ በራሱ እንዲያይ የታሰበ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማሰሪያ ሆነ፤ ቀጥሎም የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የሚካሄድበት ደጅ ሆነ። ወላጆቻችን ወደዚያ ሲጠሩ ጉልበታቸው ይርድ ነበር። ያ ዘመን ካለፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፍርሃቱ ግን ለልጆች የተላለፈ ይመስላል። ፍርሃቱ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም፤ ዛሬም በስብሰባ መካከል እውነት በመናገሩ ፊት የሚነሣው ሰው አለ። ሆኖም መታወቂያ ሲያልቅብን ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ስንፈልግ ብቻ እየሄድን፣ ለስብሰባ ስንጠራ ግን «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብለን በራችንን እየዘጋን፣ ስለ ጎረቤታችን የሚወሰነውን ለሌሎች ትተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን ያጠፋነውን እንናገር። የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ታውቃላችሁ። የተረጂዎቹ ዝርዝር በሰፈር ኮሚቴ ተዘጋጅቶ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ የተዘለለ ካለ ነዋሪው ይናገራል። በአንድ የገጠር ጸሎት ቤታችን ይህ ስብሰባ በሰንበት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ተጠርቶ ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት ስለ ጣራው ቆርቆሮ መዋጮ ምእመናኑን ሰብስበን እስከ ቀትር አቆየናቸው። መልእክቱ ደርሶን ነበር፤ የምድሩ ጉዳይ ይቆየን ብለን መለስን። ዝርዝሩ ተነበበ፤ ተቃውሞ የለም ተብሎ ጸደቀ። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ስማቸው አልነበረበትም። ችግራቸውን የሚያውቁ ጎረቤቶች ሁሉ እኛ ዘንድ ስለ ነበሩ የሚናገርላቸው ጠፋ። እሳቸውም ከፊታችን ተቀምጠው ስለ ቆርቆሮ ያዳምጡ ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሄደ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ መኖሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በመልካም ፊት ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን የዓመቱ ኮታ ሞልቷል ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ተመዘገቡ። ያንን ክረምት ምእመናን በየተራ እህል እየሰፈሩላቸው አለፈ፤ ታላቁ የልጅ ልጅ ግን ትምህርቱን ትቶ ለሰው ከብት ጥበቃ ተቀጠረ። ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰም።

ነህምያ የድሆች ጩኸት በደረሰው ጊዜ ታላቅ ጉባኤ እንደ ሰበሰበ በምዕራፍ 5 እናነባለን። እርሻቸውን በመያዣ የሰጡትና ልጆቻቸው ለባርነት የተዳረጉባቸው ወገኖች በደላቸው በአደባባይ ተነገረ፤ የተወሰደባቸውም እንዲመለስ ባለጠጎቹ ማሉ። ቅጥሩን በሚሠራ ሕዝብ መካከል ድሃ ተረስቶ እንዳይቀር ስብሰባው ራሱ የአምላክ ሥራ ነበረ።

እናት ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታስተምራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት መልእክት ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው አሳስበዋል። ከዚህ እንደምንረዳው ታናሹም ሥራውን ሊተው አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ምእመናን ጥሪ ሲጽፉ፣ ምእመናን ከሕዝብ ጉዳይ ፈጽሞ መራቅ እንደማይገባቸው ገልጸዋል። ለካህናት ግን የመንግሥት ሥልጣን መያዝ በቀኖና 285 ተከልክሏል። ስለዚህ ይህ በተለይ የእናንተ የምእመናን ድርሻ ነው። መምህራን ሆይ፣ በስብሰባ ስትነሡ እንደ ነዋሪ ተናገሩ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ስም አትናገሩ፤ ጸሎት ቤቱንም የማንኛውም ፓርቲ መድረክ አታድርጉት።

አሠራሩን ማወቅም ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ይደነግጋል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ክልሎች ጥቅል በጀት ለወረዳ ይሰጣል፤ ወረዳውም ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃ ይደለድለዋል። ቀበሌው የሰፈሩን ፍላጎት ያቀርባል። ይህን ባለመለየት የወረዳውን ጉዳይ ለቀበሌ ነግረው ሰሚ አጣን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ምርጫ እስኪመጣ እንጠብቅ የሚልም አለ፤ ነገር ግን የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው መራዘሙን ያስታውስ። መንገድ ዳር ሆኖ ከመጠበቅ ገብቶ ቃለ ጉባኤውን ማስነበብ ይሻላል። (በዚሁ አጋጣሚ፦ የጥምቀት ምስክር ወረቀት በቀበሌ የሚደረገውን የልደት ምዝገባ አይተካም፤ ወላጆችን አስታውሱ።)

በእኛ ቁምስና ከፋሲካ ወዲህ የቀበሌ ስብሰባ በተጠራበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሌላ ስብሰባ አንጠራም፤ ጥሪውም ከማስታወቂያዎቻችን ጋር ይነበባል። ባለፈው ስምንት ምእመናን ሄደዋል፤ ሦስቱ እናቶች ነበሩ። የምንጩን ጥገና እነርሱ አንሥተው ለወረዳው እንዲጻፍ ተወሰነ። ደብዳቤው መሄዱን በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎችም ተመርጠዋል።