በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ

ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። አያቴ ሲሞቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተተወው አንድ የቆርቆሮ ቤትና የሸማ ንግድ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አክስቴ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንቺ እንደሆን ባልሽ ቤት አለሽ፤ ለወንድሞችሽ አፉ በያቸው» አሏት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሺ፣ አፉ ብያለሁ» አለች። ዱዓ ተደረገ፤ እኔም ከሁሉም ጋር «አሚን» አልኩ። ነገሩ አለቀ።

አለቀን?

ውድ አንባቢ፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ የደጋው ሙስሊም በአመዛኙ ርስት አልባ ስለነበር ኑሮው ሽመናና ንግድ ነበር። ወንዱ ይሸምናል። ጥጡን የምትዳምጠው፣ የምታባዝተው፣ የምትፈትለው ግን ሴቷ ናት። አክስቴም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈትል አድጋለች። ታዲያ ያ ቤት የተሠራው በማን ላብ ነው?

ሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ትወርሳለች በሚለው ላይ የሚከራከር ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው ግማሹ ራሱ የት ገባ ብዬ ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ የደነገገላትን ድርሻ ባህል ሲወስደው ዝም የምንል፣ ሌላው ሃይማኖታችንን ሲተች ግን የምንቆጣ እኛው ነን።

«ፈቅዳለች እኮ!» ይባላል። ኢማም አል-ገዛሊ ሰጪው አፍሮ የሰጠውን ገንዘብ በጉልበት ከተነጠቀ ለይተው አላዩትም። ለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ «እምቢ» ብትል የወንድም ጠላት የምትባል ሴት ምን ምርጫ አላት? ዮርዳኖስ ይህ ገብቷት ሟች ከሞተ ሦስት ወር ሳይሞላ ወራሽ ድርሻውን ቢተው አትመዘግብም። ፓኪስታን በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሴትን ውርስ በማታለል መንፈግን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጋዋለች። የእኛው የአማራ ክልል እንኳ በ1990ዎቹ አጋማሽ የባልንና የሚስትን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የለጠፈ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ጀምሯል። የሚስት ፎቶ በደብተር ላይ ሰፈረ፤ የእኅት ድርሻ ግን ዛሬም በለቅሶ ድንኳን ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከወንድሞቹ አንዱ አባቴ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም በዚያ ቤት ኪራይ ነው። ባለፈው ዒድ አክስቴን ጠየቅኋት። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል ኖሯል?» አለችኝ። ቤቱ ተገምቶ ድርሻዋ ይሰጣት ብዬ ለአባቴ ነገርኳቸው። ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ዝም አሉ። እስካሁን አልመለሱልኝም።