ከማዶ ያለው በረኛ

ልጄ፣ ትናንት ማታ ያነበብሽልኝ ጽሑፍ እንቅልፍ ነሳኝ። የሰፈራችን የጋአን ሊባህ ልጆች ዋንጫውን አንድ ለባዶ ማንሳታቸው እኔንም አስደስቶኛል። እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለው ዜናቸውን ለአንቺ ለእንግዳዋ አምነው መስጠታቸውም ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ተጋጣሚዎቻቸውን «ዲስትሮይድ»፣ ማለትም አፈራረሷቸው ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ቃል ሳታወጪ ወረቀቱ ከዚህ ቤት አይውጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ ከዚያም ይርቃል።

ቃሉ ኳስ በሚተነትኑ እንግሊዞች አፍ የዘወትር መሆኑን አላጣሁትም። እዚያ ቢባል ማንም አይደነግጥም። አንቺ የምትጽፊው ግን ለሃርጌሳ ነው። መሀል ከተማ ስትወርጂ በአደባባዩ ላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ሚግ አውሮፕላን ታዪዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1988 የያኔው የሶማሊያ ገዥ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚሁ ከሃርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሃርጌሳን ደበደቧት። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ። ማዶ ሻይ የሚያፈሉት ጎረቤታችን ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። በጅግጅጋ በኩል ሐርቲሼክ መጠለያ ዓመታት ቆይተዋል፤ ከእኔ ጋር የሚያወሩባት አማርኛ ከዚያ የመጣች ናት። አንቺ «ዲስትሮይድ» ያልሽው ቡድን በረኛ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ ባያነቡ ልጁ ያነብላቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደግሞስ እውነት ነው? አንድ ለባዶ፣ ያውም በማለቂያው ላይ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ማን ማንን አፈራረሰ? ጋአን ሊባህ በእኛ ቋንቋ የአንበሳ እጅ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ኃይል ሞልቶታልና አንቺ ጩኸት አትጨምሪበት።

ጥፋቱ የእንግሊዝኛሽ አይደለም። ድሉን አስቀድመሽ በአማርኛ አልመዘንሽውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። አባቶቻችን ማሸነፍን ሁሉ ለአንድ ቃል አላሸከሙትም። በጦር ሜዳ ድል ይነሣል፣ በሸንጎ ይረታል፣ በትግል ይጣላል፣ በሩጫ ይቀደማል። ጎረቤቱን በድንበር ክርክር የረታ ሰው «ጎረቤቴን ድል ነሣሁት» ብሎ ቢያወራ፣ ሰሚው ይህ ሰው ሌላ ነገር ፈልጓል ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛም የራሱ ደረጃ አለው። በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ እየደጋገሙ የሚስቱት «ዊ ዎን ዘም» የምትለውን ነበር። የእኛ «አሸነፈ» ሁለቱንም ይችላል፤ ጨዋታውንም አሸነፍን፣ ልጆቹንም አሸነፍናቸው እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ይለያል። «ዊን» የሚወስደው ጨዋታውን፣ ዋንጫውን፣ ምርጫውን ነው። ተሸናፊውን ልትጠሪ ስትፈልጊ «ቢት» ይመጣል፤ ይኸው «ቢት» ደግሞ መምታት ማለትም ነው። ይህን ልዩነት በሰዋስው ብቻ አትዪው። የማንንም ስም ሳትነኪ ደስታሽን መጻፍ ስትፈልጊ «ዎን ዘ ካፕ» ብለሽ ማቆም ትችያለሽ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ የወደቀ ሰውም በውስጡ የለም። «ዊን» ላይ «ኦቨር» ጨምረሽ ሰው ካስከተልሽበት ደግሞ ትርጉሙ ይለወጥና የሰውዬውን ልብ መማረክ ይሆናል። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠኑ ይመጣል። ልዩነቱ ስስ ከሆነ «ናሮው ዊን» ይሉታል፤ «ኤጅድ»ም ይላሉ፣ የጠርዝ ያህል እንደማለት። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። 10,000 ሜትር ሮጠው ሲያበቁ በመካከላቸው የቀረው ልዩነት በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው ያነሰ ነበር። ያንን ሩጫ «ክራሽድ»፣ ጨፈለቀው፣ ብሎ የጻፈ ሰው ኃይሌን ያከበረ ይመስለዋል፤ ያቺን የመጨረሻ ቀጥታ መስመር ግን ሰረቀበት።

ይህች አገር፣ ሶማሊላንድም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዳሂር ሪያሌ ካሂን፣ አህመድ መሐመድ ሲላንዮን በ80 ድምፅ በለጡ ተባለ፤ ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ መካከል 80። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ልዩነቱ 217 ሆኖ ጸና። ሲላንዮ ውሳኔውን ተቀበሉ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያች ሰሞን አንድ ችኩል ጸሐፊ የ80 ድምፁን ድል «ላንድስላይድ» ብሎት ቢሆን፣ የሲላንዮ ደጋፊ በየሻይ ቤቱ ምን እንደሚሰማው አስቢው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ፣ ሰው ኢሮ የሚላቸው፣ ወደ 64 በመቶ ድምፅ አግኝተው በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሙሴ ቢሂን ሲያሸንፉ ግን ቃሉ በሚዛን አይጎድልም።

በሚዛን ባይጎድልም እኔ በእጄ አልጽፈውም። «ላንድስላይድ» የመሬት ናዳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኮረብታው ተደርምሶ ሰው ቀበረ፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ በእጃቸውና በዶማ የሚቆፍሩትን ጎረቤቶች ደግሞ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ዋጣቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባየሁ ቁጥር ጭቃው ይታየኛል። «ክሊር»፣ ግልጽ፣ ወይም «ዲሳይሲቭ»፣ የማያጠራጥር፣ ብዬ አልፋለሁ፤ ከድሉ የሚቀነስ የለም። ይህ የእኔ ሕግ ነው፤ አንቺን አላስገድድሽም።

እንዲህ ስልሽ ደግሞ ድልን አሳንሰሽ እንድትጽፊ እየመከርኩሽ አይደለም። እሱም ውሸት ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ቀላል ድል ይለው ይሆናል። ልጆቹ ግን ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆነዋል፤ የሉቺያኖ ቫሳሎ የአቻነት ግብ የመጣችው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በተጨማሪ ሰዓት ገቡ። እንግሊዝኛው ለዚህ ጥሩ አባባል አለው፤ «ካም ፍሮም ቢሃይንድ» ይላል፣ ከኋላ ተነሥቶ መምጣት። ስትጽፊ ከውጤቱ ይልቅ መንገዱን ጠይቂ፤ ቃሉ ያለው እዚያ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አሁን ተረጋግተሽ ተቀመጪ። አርዕስቱን «ዎን ዘ ፋይናል» በዪው፣ ከሥሩ አንድ ለባዶውን ጻፊ። ከዚያ በረኛውን አስገቢው። ከእረፍት በፊት ሁለት ኳስ አድኗል፤ አንዷን መሬት ለመሬት ተወርውሮ። ፍጹም ቅጣት ምቱንም ቢሆን በጣቱ ጫፍ ነክቶት ነው ቋሚውን ታክኮ የገባው፤ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ አይቼዋለሁ። በጽሑፍሽ ውስጥ ይህ አንድም የለም። እሱ ካልተጻፈ የእኛ ልጆች ዋንጫ ከማን እጅ እንደተገኘ አይታወቅም።

ስትጨርሺ ማዶ ተሻግረሽ ለሽማግሌው በአማርኛ ንገሪያቸው። ልጁ ቤት ካለ ግን ወረቀቱን ለእሱ ስጪው፤ ራሱ ያንብብላቸው።