ቀልብና ወስፌ

አልሐምዱ ሊላህ። ልብን በዚክሩ ለሚያረጋጋ፣ እጅን ጥበብ ላስተማረ ጌታ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። አማ በዕድ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ዛሬ የማነሳው ቃል ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ነው፤ ቀልብ። ዐረብኛው ልብን የሚጠራበት ቃል አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። የሚቅበዘበዝ ልጅ ስናይ «ቀልብ የለውም» እንላለን። ክፉኛ የደነገጠውን «ቀልቡ ተገፈፈ» እንላለን። ሰላት ላይ ቆመን ሐሳባችን ገበያ ሲውልም የጎደለን ይኸው ቀልብ ነው። ዑለማዎች ሑዱሩል ቀልብ ይሉታል፤ የልብ መገኘት። አላህ በሱረቱል ሙእሚኑን መጀመሪያ የተሳካላቸውን አማኞች ሲገልጽ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሳው በሰላታቸው ውስጥ ያላቸውን ኹሹዕ፣ የልብ መተናነስን ነው።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ከዐስር ሰላት በኋላ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ውሃ የያዘ ጣሳ፣ ውሃው ውስጥ የራሰ አለላ፣ ቀኝ እጇ ላይ ወስፌ። በወስፌው ትወጋለች፤ ቀዳዳው ሳይደፈን አለላውን ታሾልካለች፤ ጠበቅ አድርጋ ትስባለች። በያንዳንዱ ስፌት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰለዋት ነው። የሰፌዱ መልክ ወረቀት ላይ የተሣለ አልነበረም፤ በቁጥር የሚሄድ ነው፤ አምስት ቀይ፣ ሦስት አረንጓዴ፣ አንድ ጥቁር። አንድ ቀን ሦስት ዙር ሙሉ ስትፈታ አየኋትና «ምነው?» አልኳት። «ቀልቤ ሄዶ ነበር» አለችኝ። ምላሷ ሰለዋቱን አላቋረጠም፤ እጇም አልቆመም፤ ሰፌዱ ግን አወቀባት። የኛ ሰላት እንደ ሰፌዱ የሳትነውን ቁጥር ዓይናችን ላይ አያመጣውም፤ ለዚህም ነው ሳንፈታው ዓመታት የምንሄደው።

ይህን ስፌት «የሴት እጅ ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ካለ ሱረቱ ሰበእን ይመልከት። አላህ ለነቢዩ ዳውድ ብረትን አለዘበላቸው፤ ጥሩር እንዲሠሩ ሲያዛቸውም ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርጉ ነገራቸው፤ እዚያው ላይ መልካም ሥራን አዘዘ። የቀለበት ልክ በወሕይ ከተነገረ፣ የስፌቷን ቁጥር የምትጠብቅን ሴት ከዒባዳ ውጪ ናት የሚል ማነው?

የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ ቆዳ ታለፋ ነበር፤ ትሰፋም ነበር፤ ከእጇ ሥራ ያገኘችውንም ለድሆች ትሰጥ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለባለቤቶቻቸው ከሁላችሁ ቀድማ የምትከተለኝ እጀ ረጅሟ ናት ባሉ ጊዜ እርስ በርስ ክንዳቸውን ይለካኩ ጀመር። ዘይነብ ቀድማ ስትሞት ነው የእጁ ርዝመት ሰደቃ መሆኑ የገባቸው።

አስማእ ቢንት ዑመይስ ደግሞ ለኛ ለሐበሾች ቅርባችን ናት። ከባሏ ከጃዕፈር ጋር ተሰዳ በዚህ ምድር ከ10 ዓመት በላይ ኖራለች። የታሪክ ዘጋቢዎች እንደሚሉት መዲና ከገባች ከዓመታት በኋላ የነቢዩ ልጅ ፋጢማ አንድ ጭንቀቷን ነገረቻት። የሴት ጀናዛ በጨርቅ ብቻ ሲሸፈን የሰውነት ቅርጽ ይታያል፤ ይህ ከብዷታል። አስማእ ሐበሻ ያየችውን አስታወሰች። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጣች፤ ጎበጥ ጎበጥ አደረገችው፤ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ፋጢማም ወደደችው። እስቲ አስቡት፤ ስደተኛ ናት፤ ቤት የላት፣ ወገን ሩቅ ነው፤ እንዲያም ሆና የሰው አገር ቀብር ላይ ዓይኗ ያረፈበትን ብልሃት በልቧ አኖረች፤ ቀኑ ሲደርስም ለእህቷ ጭንቀት አወጣችው። ጥበብ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚወለደው፤ ቀልብ ሰጥቶ ካየ ሰው።

አሁን ወደ ወንዶቹ ልዙር፤ ብርቱው ነገር እዚህ ነውና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላት ሊያስረዝሙ አስበው ይገቡና የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ያሳጥሩት ነበር። ምክንያቱንም ራሳቸው ነግረውናል፤ እናቱ በልቅሶው እንደምትጨነቅ ያውቃሉ። የአላህ መልእክተኛ የሰላታቸውን ርዝመት ለአንዲት እናት ቀልብ ሲሉ ቀነሱ!

መግሪብ አዛን ሲል እኛ ቤት የሚሆነውን ተመልከቱ። እኛ ጫማችንን አድርገን ወደ መስጊድ እንወጣለን። እሷ ድስቱን ታወርዳለች፤ ያዘለችውን ልጅ ፈትታ ታስቀምጣለች፤ ውዱእ ልታደርግ ስትል በር ይንኳኳል። አላሁ አክበር ብላ ከገባች በኋላ ትልቁ ልጅ መጥቶ «እማዬ፣ ቻርጀሩ የት ነው?» ይላል። ሰላቷን በሰላምታ ሳትጨርስ እኛ ደርሰን ራት እንጠይቃለን። ቀን የጀመረችው ጥልፍ ወይም ልትጽፈው ያሰበችው ነገር ቁምሳጥን ላይ ከተቀመጠ ወር ሆኖታል፤ ያነሳችው እንደሆነ ደግሞ «ሥራ ፈታሽ እንዴ?» እንላታለን። ይህች ሴት ኹሹዕ ብታጣ አላህ የሚጠይቀው እሷን ብቻ ይመስላችኋል? እናታችን ዓኢሻ ነቢዩ ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር፤ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ ነበር አለች። ወንድሞቼ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ልጆቹን ያዙላት። በሩን እናንተ ክፈቱ።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት።

(ሁለተኛው ኹጥባ)

አልሐምዱ ሊላህ። ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

እህቶቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፋጢማ የነቢዩ ልጅ እጇ በወፍጮ ቆስሎ አገልጋይ ልትጠይቅ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አላገኘቻቸውምና ጉዳይዋን ለዓኢሻ ነግራ ተመለሰች። ማታ እሷና ባሏ ዐሊ ከተኙ በኋላ አባቷ መጡ። ሊነሱ ሲሉ ባላችሁበት ሁኑ አሏቸውና መሐላቸው ተቀመጡ፤ ዐሊ የእግራቸው ቅዝቃዜ ደረቱ ላይ እንደተሰማው ተናግሯል። ከአገልጋይ የሚሻል ነገር ላስተምራችሁ ብለው፣ ለመኝታ ስትሉ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር በሉ አሏቸው። ዐሊ ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም አለ። በሲፊን ጦርነት ሌሊትም? ሲሉት፣ በሲፊን ሌሊትም አለ።

ወፍጮው ቀላል ነው አላሏትም። ልጃቸውን ሊያዩ በሌሊት መጥተው፣ የሚያደክመው ቀን የሚዘጋበትን ቃል ሰጧት። ቃሉም ቁጥር አለው። ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ በጣታችሁ አንጓ ቁጠሩት። 20 ላይ ሐሳባችሁ ለነገ ወጥ ሽንኩርት ሊገዛ ቢሄድ አትዘኑ፤ እናቴ ሰፌዱን ስትፈታ አላዘነችም። ከሳታችሁበት መልሳችሁ ጀምሩ።

አላህ ሆይ! የተበተነ ቀልባችንን ሰብስብልን። በምጣድ ጭስ፣ በልብስ መኪና ጥግ፣ በሰው አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆነው አንተን የሚያወሱ እህቶቻችንን ዱዓ ተቀበል። የእጃቸውን ሥራ ባርክላቸው። ወስፌ ይዘው በነቢይህ ላይ ሰለዋት ሲያወርዱ ኖረው ወዳንተ የሄዱ እናቶቻችንን ማራቸው። አሚን።

ለሰላት ቁሙ። ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ክፍተቱን ድፈኑ። ከኋላ ሕፃን የያዙ እናቶች አሉና ሰላቱን አላስረዝምም።