ስኒውን ድፊበትና ጠብቂ

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ምድር ቤቴ ወርደሽ ጠረጴዛዬ ላይ የተደፋውን የቡና ስኒ አነሳሽና «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አልሽኝ። ከምስር ክክ የማትበልጥ፣ ሦስት እግር ያላት ጥቁር ትራንዚስተር ነበረች። ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የራስሽን ሲንተሳይዘር መሥራት እንደምትፈልጊ ነግረሽኛልና፣ ስኒው ለምን እንደተደፋ ከሥሩ ላስረዳሽ።

ሲንተሳይዘር ለእኛ ባዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖና ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር ያዋሃደበትን ካሴት ቀረጸ። ኋላም ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ትራንክ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይለማመድበታል። እኔ ያንን የሙግ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ውስጡ ያሉት ጥንዶች ይታዩኛል። ሮበርት ሙግ በ1969 ፓተንት ያገኘበት ማጣሪያ ትራንዚስተሮችን እንደ መሰላል እርከን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የደረደረ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልተሸከሙ፣ መቆጣጠሪያውን ባዞርሽ ቁጥር «ዱብ» የሚል ነገር ከዜማው ጋር ይወጣል። አባቶች ያላቻ ጋብቻ የሚሉት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይጎተታል።

የባሰው ግን ድምፁን ቀጭንና ወፍራም የሚያደርገው ክፍል ነው። እዚያ በቤዝና በኢሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ በ18 ሚሊ ቮልት ሲጨምር የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ለ12 አካፍዪው፤ ግማሽ ድምፅ ማለት 1.5 ሚሊ ቮልት ነው። አሁን ደግሞ ይህን ጨምሪበት፦ ትራንዚስተር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ያው ቮልቴጅ 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይወርዳል። ከጥንዶቹ አንዷ ከሌላዋ በአንድ ዲግሪ ብትሞቅ ዜማው ከግማሽ ድምፅ በላይ ሳተ ማለት ነው።

ይህን የተማርሁት በሰው ሠርግ ነው። የአንድ ወዳጄን አሮጌ ሲንተሳይዘር ጠግኜ ሁለት ትራንዚስተሮች ቀይሬለት ነበር። በጣቴ ይዤ ለክቼ፣ እኩል ናቸው ብዬ፣ ቦርዱ ላይ አራርቄ በየድኋቸው። አንደኛዋ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ወደቀች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ዘፋኙ ትዝታውን ሲጀምር፣ ኪቦርዱ ቀስ እያለ ከስር ወረደ። ዘፋኙ ዘወር ብሎ ተጫዋቹን አየው፤ ተጫዋቹ ደግሞ እኔን አየኝ። ዛሬም ያ አስተያየት ከፊቴ አይጠፋም። ሙሽሮቹ ያቺን ሌሊት መልሰው አያገኟትም።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገርሽ። ቢሲ847ሲ የሚባለውን ትራንዚስተር ከአንድ ሪል የተቆረጠ 100 ፍሬ ግዢ፤ ጥቂት ዶላር ነው። ከአንድ ሪል የወጡት ድሮም ስለሚቀራረቡ ድካምሽ ይቀንሳል። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እያት፣ ግን እሷን ብቻ አትመኚ፤ ያው ምልክት በሌላ ፋብሪካ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ነጠላዋን እግር ወደ ላይ አድርገሽ ጽሑፉ ባለበት በኩል ስታያት ከታች በግራ ቤዝ፣ በቀኝ ኢሚተር፣ ከላይ ኮሌክተር ነው። በጣትሽ አትንኪያት፤ ወረንጦ ያዢ። የቤትሽ አየር 21 ዲግሪ ቢሆን ጣትሽ ከ30 በላይ ነው። ያ ልዩነት 20 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ ከአንድ ኦክታቭ ይበልጣል። እንደነካሻት ወዲያው የምታነቢው ቁጥር የጣትሽ ቁጥር ነው።

ከአሮጌ ሰርኪት ቦርድ ሦስት የመዳብ መቀመጫ ያላት ቁራጭ ቁረጪ። ትራንዚስተሯን እዚያ አስቀምጠሽ በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተጫኛት፤ እንጨት ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም። እንዲህ ያለ መቀመጫ ሁለት አድርጊ። በሁለቱም ላይ ቤዙን ከኮሌክተሩ ጋር አገናኝተሽ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ39 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አምጪለት፤ ኢሚተሩ ወደ ኔጌቲቭ ይሂድ። ባትሪው ባለ 1.5 ቮልት ሦስት ድንጋይ ይሁን። በዚህ አንድ መቶ ማይክሮ አምፔር ገደማ ያልፋል። ዘጠኝ ቮልት ለምን አይሆንም ትይኝ ይሆናል። አንድ ቀን አገላብጠሽ ታስቀምጫታለሽ፤ ሁላችንም አድርገነዋል። ቤዝና ኢሚተር በተገላቢጦሽ ከ5 ወይም 6 ቮልት በላይ ሲያገኛቸው ውስጧ ይቆስላል። አትሞትም፤ ግን ማጉላቷ ይደክማል፣ ጫጫታዋም ይጨምራል። ቁስሉ ከውጭ ስለማይታይ ያቺኑ ዕቃ ወስደሽ ትበይጃታለሽ።

ቴስተርሽን 200 ሚሊ ቮልት ላይ አድርጊና በሁለቱ ትራንዚስተሮች ኮሌክተር መካከል ለኪ። የምታነቢው ልዩነታቸውን ብቻ ስለሆነ የባትሪው መድከም ብዙ አያሳስትሽም። አንድ ሚሊ ቮልት ልዩነት ማለት በከረንት 4 በመቶ ነው። አንዷን ምስክር ብለሽ መርጠሽ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊባት፤ ከቦታዋ አትነሣም። የቀሩትን ተራ በተራ ከሷ ጋር አወዳድሪ። ጥርጣሬ ሲገባሽ ብቻ ምስክሯንም አንሥተሽ ሁለቱን ቦታ አለዋውጪ፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ብቻ ከተገለበጠ ልዩነቱ የትራንዚስተሮቹ ነው። ምልክቱ ካልተገለበጠ ጥፋቱ የሬዚስተሮቹ ነው።

ስኒው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። እዚህ አፓርትመንት ውስጥ ማሞቂያው ይነፍሳል፣ መብራቱ ይሞቃል፣ አንቺም ትተነፍሻለሽ። መቆንጠጫዎቹን አሳጥሪና ሁለቱም መቀመጫዎች በአንድ ስኒ ሥር እንዲገቡ አቀራርቢያቸው። ከዚያ ስኒውን ደፍተሽ ጠብቂ። የዊተን ባቡር ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ነው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የሚበልጠው የለም። ቆመሽ ስትወጪ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ያንን ያህል ጠብቂ። ቁጥሩ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቆማል። የቆመውን ጻፊ። እኔ የለካኋቸውን የሳምንት መድኃኒት በምይዝባት ሰባት ክፍል ባላት ሳጥን እለያቸዋለሁ፤ ከአንድ ክፍል የወጡትን ሁለቱን ደግሞ እርስ በርስ እንደገና እለካቸዋለሁ።

የርካሽ መለኪያዎች የማጉላት ቁጥር አያታልልሽ። የሲ ክፍል ትራንዚስተር ከ420 እስከ 800 ያጎላል፤ ሁለቱ በማጉላት እኩል ሆነው በቮልቴጅ ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ቮልቴጁን ነው አቻ የምታደርጊው። ከደከመሽ ቢሲኤም847 የሚባል፣ ሁለት በአንድ ቤት የተቀመጡበት አለ፤ ፋብሪካው ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ቮልት አይበልጥም ብሎ ይሸጠዋል። መግዛት ነውር የለበትም፤ ድምፁን ቀጭንና ወፍራም ለሚያደርገው ክፍል እንዲያውም እሱ ይሻልሻል፣ አብረው ስለሚሞቁና ስለሚበርዱ። በእጅሽ አቻ ያደረግሻቸውን ግን አንድ ላይ አስጠግተሽ በየጂ፤ ከኃይል ክፍሉም አርቂያቸው። የእኔ ስህተት ከመለካቱ ይልቅ እዚያ ላይ የከፋ ነበር።

ከሪሉ 100 ፍሬ ቆርጬ አስቀምጬልሻለሁ። ምስክሯን ራስሽ ትመርጫለሽ። ቅዳሜ ስትመጪ ከእናትሽ አንድ ስኒ ለምነሽ ይዘሽ ነይ፤ የእኔዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።