ሰውሮ መናገርና ዋሽቶ መናገር

ሰውሮ መናገርና ዋሽቶ መናገር አንድ ነውን? ወይስ በሁለቱ መካከል ወሰን አለ? ይህ የሊቃውንት ጉባኤ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ፥ ወዳጅና ወዳጁ ዘወትር የሚገናኙበት ነው። ዛሬ ለማንሣት ያበቃን ግን ወጣቶች በብዛት የሚያነቡት አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ነው። በዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ በዓለም የሌለ ድንቅ ፍጥረት፥ ተፈልጎ የሚገኝ ምሥጢር፥ የጐልማሳና የቈንጆ ፍቅር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ብዙ ሽማግሎች ገና ስሙን ሲሰሙ «ተረት ነው» ብለው ይተዉታል። እኛ ግን አንዱን ወስደን እንመርምረው።

እስቴፈኒ ማየር የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 «ትዋይላይት» የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ ትርጓሜው ድንግዝግዝ ማለት ነው። ተከታዮቹም ሦስት መጻሕፍት እስከ 2008 ድረስ ወጡ፤ ሁሉም ባንድነት ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ፀሓይ ከማያጣው ከፊኒክስ ተነሥታ፥ ዝናም ወደማይለየው ፎርክስ ወደሚባል ትንሽ ከተማ፥ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። በተማሪ ቤትም ኤድዋርድ የሚባል መልከ መልካም ልጅ ታያለች። እርሱም ቫምፓየር ነው፤ ይኸውም የኤውሮፓ ባላገሮች ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም ይጠጣል ብለው ሲተርኩት የኖሩት ፍጥረት ነው። ኤድዋርድ በ1918፥ በሀገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ በሚታወሰው ወረርሽኝ ሊሞት ሲያጣጥር፥ አንድ ሐኪም ወደዚህ ባሕርይ ለወጠው፤ ከዚያ ጀምሮ በ17 ዓመት መልክ ቀረ። አብረውት የሚኖሩት ቤተ ሰቦቹ የሰው ደም ትተው በአራዊት ደም ይኖራሉ። የሰውን ሁሉ ሐሳብ ይሰማል፤ የቤላን ሐሳብ ብቻ መስማት አይችልም።

ደራሲዋ ይህን ሁሉ ለአንባቢ አስቀድማ አትገልጽም፤ ምልክት ግን ታኖራለች። እጁ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ በምሳ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ፀሓይ በወጣ ቀን ከተማሪ ቤት ይጠፋል፤ ዓይኑ አንድ ቀን ጥቁር ሌላ ቀን ወርቅ ይመስላል። የወርቁ በዓይን ውስጥ መገኘት ቅኔ የተማረውን ሰው ሳያስፈግገው አይቀርም። በቅኔ ቤት ይህ ሥራ የታወቀ ነውና። ተማሪው ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ ነገር ግን ለሰሙም ለወርቁም የሚያገለግል ኅብር ቃል ያኖራል። ኅብሩ የታጣ እንደ ሆነ ሰሚው ወርቁን የሚያገኝበት በር የለውምና፥ መምህሩ ረቂቅ ነው ብሎ አያመሰግነውም፤ አፍርሰህ ቍጠር ይለዋል እንጂ። ደራሲዋ በ2020 ያንኑ ታሪክ በኤድዋርድ አንደበት ደግማ «ሚድናይት ሰን» ብላ ስታወጣው፥ ምሥጢሩን ከ15 ዓመት በፊት ያወቁ አንባቢዎች እንደ ገና አነበቡት። ወርቁ የታወቀ ቅኔም ሲደገም ጣዕሙ አይጠፋም።

ዳሩ ግን ደራሲ ከአንባቢ የሚሰውረውና ወዳጅ ከወዳጁ የሚሰውረው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ ምሥጢሩ እንዲሰወርበት ፈቅዶ ነው፤ ቤላ ግን አልፈቀደችም። ተንሸራቶ የመጣ መኪና ሊጨፈልቃት ሲል ኤድዋርድ በእጁ አቁሞ ያድናታል፤ ከሩቅ ተወርውሮ መድረሱን ስታነሣበት ግን ከአጠገቧ ቆሞ እንደ ነበረና ራሷን ስለ ተመታች እንደ ተሳሳተች ይነግራታል። ይህ መሰወር አይደለም፤ በዓይኗ ያየችውን አላየሽም ማለት ነው። ሌሊትም ሳታውቅ ወደ መኝታ ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ይመለከታታል። ይህን እንደ ጽኑ ፍቅር ምልክት የሚያነቡ ወጣቶች አሉ፤ መልኩ ያላማረ ሰው ቢያደርገው ግን ጎረቤት በጩኸት በተሰበሰበ ነበር። ቤላም ብትሆን እጇ ንጹሕ አይደለም፤ ጄኮብ የሚባለውን ልጅ የወደደችው መስላ ቀርባ ነው የኤድዋርድን ምሥጢር ከአፉ ያወጣችው።

ከሁሉ የከበደው በ2006 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ይገኛል። ኤድዋርድ ከእርሱ ጋራ መኖር ለሕይወቷ አደጋ መሆኑን አይቶ ሊለያት ይቈርጣል። እውነቱን ነግሮ ቢሄድ እንደምትከተለው ስላወቀ፥ አልፈልግሽም ብሎ ዋሽቷት ይሄዳል። ለእርሷ ሲል ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ጥያቄውም እዚህ ላይ ይጠነክራል፤ ለሚወዱት ሰው ደኅንነት ሲባል የሚነገር ሐሰት ይገባልን?

አንድ ሰው «እኛስ መርዶ እንሰውር የለምን?» ሊለን ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። በሀገራችን የሰው ሞት ለቅርብ ዘመዱ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት እስኪሰበሰብ፥ ሽማግሎች ማልደው እስኪሄዱ ድረስ «ጥቂት አሞታል» ይባላል። ቃሉ ሐሰት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም መርዶ ቀን ተቈርጦለታል፤ በሚገለጥበትም ሰዓት ደግፈው የሚይዙ እጆች አሉ። ቀኑ ሲያልፍስ? ባሕር ማዶ ካለ ልጅ የእናቱን ሞት ለወራት የሚሰውሩ ቤተ ሰቦች አሉ፤ በሰው ሀገር ብቻውን እንዳያለቅስ አዝነውለት ነው። ልጁ ግን በእነዚያ ወራት ለሞተች እናቱ የመድኃኒት ገንዘብ ይልካል፤ ለበዓል ደውሎ ድምፅዋን አሰሙኝ ይላል፤ ተኝታለች ይሉታል። ኋላ እውነቱን ሲሰማ ስለ እናቱ ካለቀሰ በኋላ፥ ስለ እነዚያ ወራት ደግሞ ለብቻው ያለቅሳል፤ ማንን እንደሚወቅስም አያውቅም። ኤድዋርድ ደግሞ ለሐሰቱ ቀን አልቈረጠም፤ ለዘላለም ሊተዋት አስቦ ነበርና።

የሚሰውረው ማን እንደ ሆነም ማየት ያሻል። እንደ እኛ አቈጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮም የታተመው፥ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድም በመሰወር ላይ የቆመ ነው፤ ጦቢያ ሴትነቷን ሰውራ በወንድ ልብስ ከአባቷ ጋራ በመንገድ ትሄዳለች። ነገር ግን ደካማዋ ከብርቱው ነው የተሰወረችው። በአሜሪካዊቱ መጽሐፍ ግን ብርቱውና ብዙ ዘመን የኖረው ኤድዋርድ ነው፤ ሁለቱን የሚመለከተውን ነገር ብቻውን ፈርዶ፥ ፍርዱን ከእርሷ ሰወረ።

ፍሬውም ታየ። ቤላ በኀዘን ደነዘዘች፤ ደራሲዋ ለዚያ ጊዜ የጥቅምትን፥ የኅዳርን፥ የታኅሣሥንና የጥርን ስም ብቻ በየገጹ ጽፋ ሌላውን ባዶ ትታዋለች። ኋላም ቤላ ከገደል ወደ ባሕር ስትዘል፥ ሞታለች የሚል ወሬ ለኤድዋርድ ይደርሰዋል። ወሬውን ሊያረጋግጥ ወደ ቤቷ ሲደውል በራሱ ስም አይናገርም፤ ያንን ሐኪም መስሎ አባቷን ይጠይቃል። ስልኩን ያነሣው ጄኮብም በቀብር ላይ ነው ብሎ ይመልሳል። ቃሉ እውነት ነበረ፤ ሟቹ ግን የአባቷ ወዳጅ ነው። ኤድዋርድ የእርሷ ቀብር መስሎት፥ የቫምፓየር አለቆች እንዲገድሉት ሊለምን ወደ ኢጣልያ፥ ወደ ቮልቴራ ከተማ ሄደ።

ቤላ ደርሳ አዳነችው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክፍል በእኛ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል። ኤድዋርድ ያልሁሽ ሐሰት ነበረ፥ እወድሻለሁ ቢላት አላመነችውም፤ ሕልም መሰላት። እርሱም ብዙ ጊዜ እወድሻለሁ ያላትን ሁሉ ትታ ያንን አንድ ክፉ ቃል እንዴት ፈጥና እንዳመነች ይደነቅ ጀመር። ለምን ይደነቃል? የነገራት እኮ የምታምነው ሰው ነበረ።